የረገጠው እግር ይጠበው

እትዬ በላይነሽ ተከራይ ስታሰናብት የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስጋጃዋን። ግድግዳው ቢላጥ፣ መስኮቱ ቢሰነጠቅ፣ የበሩ ቁልፍ ቢጠፋ ግድ የላትም። ስጋጃው ግን ታጥቦና ደርቆ፣ እንደ አራስ ልጅ ተጠቅልሎ እጇ ካልገባ ተከራዩም እቃውም ከግቢዋ አይወጡም።

ደጉ የዝውውር ደብዳቤውን ይዞ ወደ ጓሮ ሄዶ ቅዳሜ ወደ ዋጫ እንደሚነሳ ሲነግራት እንኳን ደስ ያለህ አላለችውም። ዝውውሩ እድገት ያለው መሆኑንም ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ፊቱን ትታ እግሩን አየች።

«ስጋጃዬን ታጥባለህ።»

ሰው ከፍሎ እንደሚያሳጥብላት ነገራት።

«የረገጠው እግር ይጠበው» አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ለእሷ ደጉ ከመጣበት ቀን ጀምሮ «አንተ» ነው። ከእሱ በፊት የነበረው የአዲስ አበባ ሰው ቤቱን ጠጅ ቤት አስመስሎት ሄዶ እንኳ እስከ ዛሬ ድረስ «እሳቸው» ነው። ደጉ ግን የማንኪራ ጫካ ማር ቆራጭ ልጅ ነው፤ አባቱ ዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅሎ ያስተማረው። ግብርና ቢሮ ወንበር ስለሰጠው፣ በየወሩ ደመወዝ ስለሚፈርም፣ የማንኪራ ጭቃ ከእግሩ የሚለቅ አይመስላትም። እሷ ራሷ እዚሁ ቦንጋ ተወልዳ እዚሁ ያረጀች ሴት ናት። የከፋውን ቋንቋ ካፊኖኖን የምትችለው ግን ቅቤ ስትከራከር ብቻ ነው። ገበያ ላይ ማንም አያህላትም፤ ግቢዋ ስትገባ ቋንቋው ይጠፋታል።

ስለ ስጋጃውም ትንሽ ማለት ያስፈልጋል፤ በዚያ ሰፈር ከእሱ የበለጠ የተከበረም፣ ከእሱ የበለጠ የተጎሳቆለም ነገር አልነበረምና። እትዬ በላይነሽ አባቷ ግራዝማች ቢሻው ከአንድ ራስ እጅ የተሸለሙት ነው ትላለች። በዓል ሆኖ ጠላ ከቀመሰች ደግሞ ጅማ ካለ ዐረብ ነጋዴ የገዙት ይሆናል። መሐሉ ላይ አንበሳ አለ፤ ማለትም ነበረ። የግራዝማች እንግዶች፣ ከዚያ የደርግ ካድሬዎች፣ ከዚያ ተከራይ በተከራይ እየተተካ ረግጦት ጎፈሩ አልቋል። አሁን የታሰረ ጥጃ ይመስላል። ጠርዙን ብል በልቶታል። ይህን ስጋጃ ነው እንግዲህ የሰው እግር አረከሰብኝ የምትለው።

ደጉም ቢሆን በንቀት አያንሳትም። ባሏ ጋሽ ገብረወልድ ከሞቱ ወዲህ ከነልጇ ጓሮ ያሉት ሁለት ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ገብታ፣ ትልቁን ቤት አከራይታ፣ በዚያው ኪራይ እየበላች፣ ከፋዩን ቁልቁል የምታይ ሴት ለእሱ መሳቂያ ነበረች። ማታ ማታ ብቻውን ተጋድሞ መጽሐፍ ሲያነብ ሆን ብሎ እግሩን አንበሳው ግንባር ላይ ይጭናል። ሰው አይቶት አያውቅም፤ እሱ ግን ደስ ይለው ነበር።

በዚህ ሁሉ መናናቅ መሐል ሶሲ ነበረች።

ሶስና ነው ስሟ። የእትዬ በላይነሽ አንድ ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ የሰፈሩን ሕፃናት ፊደል ታስቆጥራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷ ሳሎኑን እንድትጠርግ፣ በዚያውም ስጋጃው አለመቃጠሉን እንድታይ ትልካታለች። መጀመሪያ ቀን ደጉ ከወንበሩ ሲነሳላት ቀና ብላ አየችው፤ ተከራይ ተነስቶላት አያውቅም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ አስተያየት ያለፈ ነገር በመሐላቸው አልተደረገም ቢባል ማን ያምናል? እሱ የሚያነበውን መጽሐፍ ያውሳታል፤ እሷ መልሳ የስጋጃው ጥግ ስር ታስቀምጥለታለች፤ ከጊዜ በኋላ ከመጽሐፉ ጋር ወረቀት ማስቀመጥ ጀመሩ። ግቢ ውስጥ ሲገናኙ እንደማይተዋወቁ ሰዎች እግዜር ይስጥልኝ ተባብለው ያልፋሉ።

የዝውውሩ ወሬ እንደተሰማ ደጉ በዚያ ጥግ ስር ትልቁን ጥያቄ አስቀመጠ። ሽማግሌ ብልክ መልስሽ ምንድን ነው፣ ብሎ። ቅዳሜ መጥታ ጠረገች። ወረቀቱ ተወስዷል፤ በቦታው ምንም የለም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ የለም።

መነሻውን ለእትዬ በላይነሽ በነገራት ዕለት ከጓሮ ተመልሶ የስጋጃውን ጥግ እንደገና ገለጠ። ሲሚንቶው ባዶ ነው። «የእናቷ ልጅ ናት» አለ ለብቻው፤ ጥጉን መልሶ ከደነው።

*

ሐሙስ ከሰዓት ከቢሮ አስፈቅዶ መጣ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበና ስጋጃውን የግቢው የድንጋይ ንጣፍ ላይ ዘረጋው። ኦሞ ይዞ ነበር፤ እትዬ በላይነሽ ተቀበለችውና ቀለሙን ይበላዋል ብላ የተወቀጠ እንዶድ ሰጠችው። የትኛውን ቀለም እንደሆነ አልጠየቃትም። በርጩማዋን አውጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

ረገጠ። አረፋው በጣቶቹ መሐል ወጣ። ውሃው መጀመሪያ እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ ከዚያ እንደ ጠላ አተላ ሆኖ በድንጋዩ ላይ ወረደ። እሷ ከተቀመጠችበት በጣቷ እያሳየች ወደ ቀኝ፣ ወደ ጥግ፣ አንበሳውን በዝግታ፣ ትላለች። ሰፈሩ የሚያየው ነገር ሲያገኝ አይለቅም። ጎረቤታቸው ጋሽ ተሰማ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊነት ጡረታ ካወጣቸው ወዲህ ሥራቸው በአጥር ላይ መታየት የሆነው ሽማግሌ፣ አገጫቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ጀመሩ።

«ቀስ እያልክ ርገጥ ደጉ። የሦስት መንግሥት አቧራ ነው የምታወጣው።»

ደጉ ሳይወድ ፈገግ አለ። ጋሽ ተሰማ መሳቁን ሲያዩ ወሬውን ቀጠሉ፤ ክፋት ኖሮባቸው አይደለም፣ የሚያውቁትን ሳይናገሩ መዋል ስለማይችሉ ነው። ደህና አድርገህ እጠበው፣ እሑድ የኤርምያስ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት እሱ ላይ ነው፣ አሉት። ሶሲን ሊጠይቁ ይመጣሉ።

ደጉ መርገጡን አቆመ። እትዬ በላይነሽን አየ። እሷም አየችው፤ ዓይኗ ውስጥ የተደበቀ ነገር የለም፣ ሊደበቅለት የሚገባ ሰው ነው ብላ አታስብምና። የግራዝማች ቢሻው ቤት ሽማግሌ በባዶ ሲሚንቶ ተቀብሎ እንደማያውቅና ወደፊትም እንደማይቀበል፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ እንዲል ነገረችው።

ከበርሜል ውሃ እየቀዳች የምታመጣለት ሶሲ ነበረች። ቀና አላለችም። ባልዲውን ከእግሩ አጠገብ አድርጋ ሄደች።

ሰውየው ራሱ የመጣውም ያኔ ነው። ኤርምያስ ከሺሺንዳ ቡና በአይሱዙ የሚያመላልስ ነጋዴ ነው፤ ሆዱ ከሸሚዙ ቁልፍ ጋር የሚታገል፣ ጫማው ግን በቦንጋ ጭቃ መሐል እንኳ እንደ መስታወት የሚያበራ። ለእሑድ የሚሆን ለስላሳ በሣጥን አስወረደና ደጉ ፊት ቆመ። ለረጅም ጊዜ እግሩን አየው።

«ጥሩ ትረግጣለህ። ዋጫ ሳትሄድ የመጋዘኔን ጭቃ ብትረግጥልኝ ምን ነበር?»

እትዬ በላይነሽ ሳቀች። ጋሽ ተሰማ ወደ ሌላ አዩ። በዚህ መሐል ሶሲ ሁለተኛውን ባልዲ ይዛ ስትመጣ ውሃው ከእጇ አምልጦ የኤርምያስ ጫማ ላይ ፈሰሰ። እናቷ ዓይንሽ የት ነው ብላ ተቆጣቻት፤ ጨርቅ አምጥታ እንድትጠርግ አዘዘቻት። ሶሲ በርከክ ብላ የሰውየውን ጫማ ጠረገች፤ እሱም እግሩን ወደፊት ገፋ አድርጎ ሰጣት።

ደጉ ይህን እያየ አረፋ ውስጥ ቆሟል። ለአንድ ጥጃ ለመሰለ አንበሳ፣ ለአንድ ሆዳም ሰው ጫማ፣ ለእነዚህ ሰዎች ነው ሁለት ዓመት ሙሉ ልቡን በወረቀት እየቆረሰ ሲሰጥ የኖረው። ሁሉንም ናቃቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ በርከክ ያለችውን ናቃት፤ ንቀቱም እንደ ቁስል አቃጠለው።

*

ዓርብ ቦንጋ ባልተለመደ ደግነት ፀሐይ አወጣች። ስጋጃው ከቤቱ ጎን፣ ከጣሪያው ጠርዝ በታች፣ ረጅም እንጨት ላይ ተሰቅሏል። ደጉ ጠዋት ሲወጣ ዳሰሰው፤ እስከ ማታ ይደርቃል። ቢሮ ሄዶ ንብረቱን አስረከበ። የሥራ ባልደረቦቹ ሻይ ጋበዙትና ዋጫ እንደ ቦንጋ ብርድ የላትም፣ ሰዎቿም ጥሩ ናቸው አሉት። እሱ የሚያስበው ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶብስ መሄድን ብቻ ነው። ስጋጃዋን አስረክቦ፣ እጇን እንኳ ሳይጨብጥ፣ ያቺን ሴትዮ ከነአንበሳዋ ትቶ።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ቤት ሲመለስ በግቢው ዳር ባሉት እንሰቶች ቅጠል መሐል ሶሲን አያት። በባዶ እግሯ ቆማ ከበርሜሉ በጣሳ እየቀዳች ስጋጃው ላይ ታፈሳለች። ቀስ ብላ፣ ከላይ ወደ ታች፤ ሌላውን እጇን ደግሞ ጨርቁ ላይ ጭና ውሃው እስኪጠልቅ ትጠብቃለች። ሰው መጣ አልመጣ ብላ አንድ ጊዜ ወደ ማድ ቤቱ ዞር አለች። ከዚያ እንደገና ቀዳች።

ደጉ የተረዳው ወዲያው ነው፤ ቢያንስ የተረዳ መሰለው። እሱ ያጠበው አልጠራላትም። የማር ቆራጭ ልጅ እግር የረገጠውን ለሽማግሌዎቿ በራሷ እጅ ደግማ ታለቀልቃለች።

ከእንሰቱ ወጣ። ሶሲ ጣሳውን ከኋላዋ ደበቀች።

«ደከምሽ» አላት። «ጥሪኝ እንጂ፤ ለእሑድሽ የቀረ እድፍ ካለ ደግሜ እረግጥልሻለሁ።»

ቀለሟ ተለዋወጠ። የሆነ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ማድ ቤቱ በር ላይ የእናቷ የእግር ኮቴ ተሰማና መልሳ ዘጋችው። ደጉ አልጠበቃትም። አንዴ የተከፈተ ምላስ ማቆሚያ የለውም። ያቺን ጥግ ስር ያስቀመጣትን ወረቀት ብታቃጥለው እንደሚሻል ነገራት፤ ለኤርምያስ ጫማ መጥረጊያ ካልፈለገችው በስተቀር። እናቷ ቢያንስ ንቀቷን በአደባባይ እንደምታወጣው፣ እሷ ግን ከእናቷ የባሰች፣ በደብዳቤ እያሳሳቀች የምትንቅ መሆኗን ነገራት። በቀስታ ነበር የሚናገረው። ከማንኪራ ጫካ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ሰው ላይ እንዲህ ተናግሮ አያውቅም።

ሶሲ አላለቀሰችም። ማልቀሷን ቢያይ ይቅር ይላት ነበር። ጣሳውን ከኋላዋ አውጥታ ሳትደብቅ በርሜሉ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው።

«ይህን ያህል ነው የምታውቀኝ?»

ከዚያ አልፋው ሄደች። ከስጋጃው የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ቀረ። ደጉ ክፍሉ ገብቶ በባዶው ሲሚንቶ ላይ ቆመ፤ ያሸነፈ ሰው መስሎት ነበር፣ የሚያሸንፈውን ሰው ግን ከዚያ ክፍል ውስጥ አጣው።

*

ቅዳሜ ጠዋት ደጉ ሻንጣውን ዘግቶ፣ አልጋውንና ጠረጴዛውን ለሚያስጭንለት ሰው አዘጋጅቶ ወጣ። እትዬ በላይነሽ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሶሲን አስከትላ ስጋጃዋን ልትረከብ ቆማለች። ሁለቱ ሴቶች ከእንጨቱ ላይ ሲያወርዱት ስጋጃው እንደ ሬሳ ከበደ። እትዬ በላይነሽ እጇን ሰደደችበት። አሸተተችው። ፊቷ ተጨማደደ።

ረጥቧል። ረጥቦ ብቻ ሳይሆን ሻጋታ ሻጋታ ይላል።

ሌሊት አልዘነበም። ቢዘንብም ከጣሪያው በታች ነበር። ይህን ሁሉ ጮክ ብላ ለሰፈሩ አስረዳች፤ ጋሽ ተሰማም ከአጥራቸው አልፈው ግቢ ገቡ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከሩቅ አይታይም። በዚህ መሐል የአይሱዙ ድምፅ ተሰማ። ኤርምያስ ወሬው ደርሶት ኖሮ መፍትሔ ይዞ መጣ፤ አበባ ያለበት፣ በጥቅል የሚሸጥ የፕላስቲክ ምንጣፍ። ትከሻው ላይ ተሸክሞት ገብቶ እትዬ በላይነሽ እግር ሥር አስቀመጠውና ይቺ ብትዘረጋ ሽማግሌዎቹ ነገ መምጣት ይችላሉ አለ። ስትቆሽሽ በጨርቅ ጠረግ ማድረግ ነው፣ እንደዚያ ብል አይበላትም።

እትዬ በላይነሽ ፕላስቲኩን አየች። ከዚያ ኤርምያስን አየች። ደጉን ለሁለት ዓመት ያየችበት ዓይን ነበር።

«የግራዝማች ቢሻው ቤት ሽንት ቤት ነው እንዴ፣ ፕላስቲክ የማነጥፍበት?»

ሽማግሌዎቹ ነገ ቀርተው በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ እንዲመጡ ጋሽ ተሰማን ሄደው እንዲነግሩላት ጠየቀች። ኤርምያስ በዚያ እሑድ ጅማ ቡና እንደሚያስገባ፣ ከዚያም በኋላ ጊዜ እንደሌለው፣ ሴት ልጅ በምንጣፍ እንደማትመረጥ ተናገረ። ጥቅሉን መልሶ ትከሻው ላይ አደረገ። ማንም አላስቀረውም። መኪናው ቁልቁለቱን ወረደ።

ከዓይን ሲርቅ እትዬ በላይነሽ የቀረላትን አንድ ሰው ዞራ አየችው።

«አንተ ነህ» አለችው። በጥላቻ አይደለም፤ ድንጋይን ድንጋይ ነህ እንደማለት ነው። የጫካ ሰው የተነጠፈ ነገር ሲያይ እንደሚያሳክከው፣ አባቷ በበቅሎ ሲያልፉ የሱ ሰዎች ከመንገድ ወርደው ይቆሙ እንደነበር፣ ያንን ቂም ዛሬ በውሃ እንደተወጣው ነገረችው። ሽማግሌ በደጇ እንዳይቆም ስጋጃዋን አበላሽቶ ሊሄድ መሆኑን ነገረችው።

ደጉ ማን እንዳራሰው ያውቃል። በዓይኑ አይቷል። አንድ ቃል ይበቃው ነበር፤ ቃሉንም ምላሱ ላይ አገኘው። ከእናትየው ኋላ የቆመችውን አየ፤ ስጋጃውን ስታወርድ ጫማዋን አውልቃለች፤ እግሮቿ በቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ ቀልተዋል። ናቅኋት ብሎ ሌሊቱን ሁሉ ሲያሳምን ያደረው ልቡ በዚያች ቅጽበት ካደው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ ያራስኩት።»

እትዬ በላይነሽ ራሷን ነቀነቀች፤ ዓለም እሷ እንዳለችው ሆና ስትገኝ የሚሰማት እርካታ ፊቷ ላይ መጣ። ብዙ አልቆየላትም።

«ውሸቱን ነው» አለች ሶሲ።

እናቷ አልዞረችም።

«እኔ ነኝ ያራስኩት፣ እማዬ። ትናንትም፣ ዛሬ ጠዋትም። ስጋጃው ካልደረቀ ሽማግሌ አትቀበይም። እሱም ስጋጃው ካልደረቀ አይሄድም። ሌላ የማደርገው ነገር አጣሁ።»

ጋሽ ተሰማ በርጩማውን ስበው ተቀመጡ። ሶሲ ከእናቷ ኋላ ወጥታ ደጉ ፊት መጣች። ዓይኗን ከዓይኑ አልነቀለችም።

«ወረቀት ላይ ጠየቅኸኝ። ስጋጃ ስር። የዚያ መልስ ስጋጃ ስር የሚቀመጥ አይደለም ብዬ ነው ዝም ያልኩህ። ሰው ባለበት፣ እማዬ እየሰማች ልነግርህ ፈልጌ ነው። ጉልበት እስካገኝ ነው የዘገየሁት። አንተ ደግሞ ትናንት ያን ሁሉ ተናገርከኝ።» ትንፋሿን ሳበች። «መልሴ እሺ ነው።»

ትናንት የተናገራት እያንዳንዱ ነገር ተመልሶ የደጉን ፊት መታው፤ ጣሳውን፣ ያን ቀስ ብላ የምታፈስበትን እጅ፣ ጨርቁ ላይ የጫነችውን መዳፍ እንደ አዲስ አያቸው። እሱን ለማስቀረት ነበር። ይቅር በይኝ ሊላት ሞከረ፤ የወጣው ስሟ ብቻ ነበር።

እትዬ በላይነሽ ሳቀች። ደረቅ ሳቅ ነው።

«ለዚህ? የግራዝማች ቢሻው የልጅ ልጅ፣ ለዚህ?»

«አያቴን አላየኋቸውም» አለች ሶሲ። «እሱን ግን ሁለት ዓመት አየሁት። ወደ ክፍሉ በገባሁ ቁጥር ይነሳልኛል።»

እትዬ በላይነሽ እጇ ላይ ያለውን የስጋጃውን እርጥብ ጫፍ አጥብቃ ያዘች፤ የሚጨመቀው ውሃ በነጠላዋ ላይ ወረደ። ደጉ ያኔ ወደ እሷ ሄደ። ከፊቷ ጎንበስ አለ፤ በፍርሃት አይደለም፣ ልጅ እናት ፊት እንደሚያደርገው ነው።

«እትዬ፣ ሽማግሌ እልካለሁ።»

«የሚቀመጡበት የለኝም።»

«ቆመው ይናገራሉ።»

ጋሽ ተሰማ በርጩማው ላይ ሆነው አሳላቸው።

«ድሮስ ሽማግሌ መች ይቀመጣል፣ በላይነሽ? ቁጭ በሉ ቢሉት ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም ብሎ ቆሞ አይደለም እንዴ ልጅ የሚጠይቀው? አባትሽም ቤት እንደዚያው ነበር። እኔ ራሴ ለገብረወልድ ስመጣ እግሬ እስኪደነዝዝ ደጃፍ ላይ አቁመውኛል።»

እትዬ በላይነሽ ሽማግሌውን አየቻቸው። የራሷ ነገር ነው የረሳችው፤ በየቀኑ የምትኮራበት፣ ሌላውን የምትንቅበት የአባቷ ቤት ወግ። ለስጋጃ ብላ የመለሰቻቸው ሽማግሌዎች ለካ ስጋጃውን እግራቸውም አይነካውም ነበር። ሰፈሩ እየሰማ፣ ተከራይዋ እየሰማ። ፊቷ ላይ ንቀቱ ቆይቶ ነበር፤ የሚያርፍበት ሰው ግን አላገኘም። ስጋጃውን መሬት ላይ ለቀቀችው። ሲወድቅ እርጥብ ድምፅ አሰማ።

«ሂድ» አለችው። «አውቶብስ ያመልጥሃል። አልጋህን ሰው ልከህ ታስወስዳለህ።»

ደጉ ሻንጣውን አነሳ። ትንሹን የመጽሐፍ ሣጥን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ ሶሲ ቀደመችው። አልከለከላትም። ሣጥኑን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ እስከ መናኸሪያው ልትሸኘው፣ ከሱ ጎን ሆና፣ በበሩ ወጣች።

ቦንጋን የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከዚያ ሰፈር እስከ መናኸሪያው ያለው መንገድ ቅዳሜ ጠዋት ገበያተኛ ይሞላዋል። ሴት ልጅ የወንድ ሣጥን ተሸክማ በዚያ መንገድ ከወረደች ሌላ ቃል አያስፈልግም፤ ከምሳ በፊት ማንኪራ ይሰማል። አጥር ለአጥር ራሶች ብቅ ብቅ አሉ። አንዲት ሴት ልትጣራ አፏን ከፍታ ተወችው። ሶሲ ቀና ብላ ትሄዳለች። እግሮቿ ባዶ ናቸው፤ የሰሞኑ ዝናብ ጭቃ ገና አልደረቀም፤ በጣቶቿ መሐል እየወጣ ነው። እሷ አላወቀችውም። ደጉ አይቶት ሊነግራት ፈራ፤ ከተመለሰች የምትቀር መሰለው።

«ሶስና።»

ከኋላቸው ነው። ሁለቱም ቆሙ። ደጉ ሳይዞር ዓይኑን ጨፈነ፤ አሁን ትመልሳታለች፣ አለ በልቡ፣ እናት ናት፣ ትመልሳታለች።

እትዬ በላይነሽ የግቢዋ በር ላይ ቆማለች። በሁለት እጇ የልጇን ጫማ ይዛለች።

«በባዶ እግርሽ ነው የምታዋርጂኝ?» አለች። «የግራዝማች የልጅ ልጅ ጫማ የላትም ይበሉ?»

ጫማዎቹን አንድ በአንድ ወረወረቻቸው። አንዱ ደጉ እግር ሥር ወደቀ፤ ሌላው ከመንገዱ ጥግ ሳሩ ላይ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግቢዋ መለሰች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም።

ደጉ ሻንጣውን አስቀምጦ ጫማዎቹን ለቀመና እግሯ ሥር አኖራቸው። ሶሲ ሣጥኑን እንደታቀፈች አንድ እግሯን አነሳች፤ ሚዛኗን ስታጣ አንድ እጇን አውጥታ ትከሻውን ያዘች። ሁለት ዓመት ሙሉ እጅ ለእጅ እንኳ ተነካክተው አያውቁም። ሰፈሩ በሙሉ እያየ፣ በጭቃው መሐል፣ ጫማዋን አድርጋ ጨረሰች። እጇን ግን ከትከሻው ላይ ቶሎ አላነሳችም።